ከ220 በላይ ሰው የለም

ማን ይናገር የነበረ ነውና እኔ ልናገር። ደግሞም ከነበሩት ሁሉ ሥራ የፈታሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጊዜው አለኝ።

ነርስ ነኝ። ለአሥር ወር “የማኅበረሰብ ደም ግፊት ጥናት” በሚባል ትልቅ ነገር ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ትልቅ ያልኩት መኪናውን አይቼ ነው። በሁለቱ ጎኖቹ የአምስት ድርጅት ዓርማ ተለጥፎበት የበሩን እጀታ ለማግኘት ሰው ይደናበር ነበር። ጤና ጣቢያችን ደግሞ አራት ክፍል ብቻ ናት፤ አንዱ የክትባት፣ አንዱ የወላዶች፣ አንዱ የተሰበሩ ወንበሮች፣ አራተኛው የጥናቱ። ጥናቱ ሲመጣ አራተኛው ክፍል ቀለም ተቀባ፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ የሚሽከረከር ወንበር ገባለት። የወላዶቹ ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። እሱ በጥናቱ ዓላማዎች ውስጥ አልተካተተም።

ጥናቱ ማወቅ የፈለገው ነገር ቀላል ነው። የዚህ መንደር ሰው ደም ግፊቱ ስንት ነው? በየሦስት ወሩ ብንለካውና ብንመክረው ይቀንሳል ወይ? ስምንት መቶ ሰው ተመዘገበ። እኔ እለካለሁ፣ ቁጥሩን ታብሌት ላይ እሞላለሁ፣ የቀረውን ታብሌቱ ያስባል። ማሰብ የኔ ሥራ እንዳልሆነ በሥልጠናው ላይ ሦስት ጊዜ ተነግሮኛል፤ ሦስት ጊዜም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ላይኛው ቁጥር ከ180 ካለፈ ታብሌቱ ቀይ ያበራል፤ ከጎኑ ካለችው ትንሽ ማተሚያም የሪፈር ወረቀት ይወጣል። ሕመምተኛው ያንን ይዞ የሦስት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ ይሄዳል። የሆስፒታሉ ዘበኛ ወረቀቱ ላይ ያሉትን መስመሮች በስልኩ አንብቦ ያስገባዋል፣ ሕክምናውም በነጻ ነው። ያለ ወረቀት የሄደ ካርድ ክፍል ደርሶ “ከጤና ጣቢያ ወረቀት አምጣ” ተብሎ ይመለሳል። ድሮ በእጃችን ጽፈን ማኅተም አድርገን እንልክ ነበር። ጥናቱ በተጀመረ ሳምንት ጥራዙም ማኅተሙም ተሰብስቦ ሄደ። በእጅ የተጻፈ ሪፈር “ውጤቱን ይበክላል” ተባለ። እጃችንን እንኳ ሁሌም እንታጠባለን።

አሁን ወደ 220 ልምጣ። ከዚህ ጥናት በፊት በነበረ ሌላ ጥናት አንዲት መረጃ ሰብሳቢ 140 ለማለት 1400 ብላ አስገባች። አንዲት ዜሮ ናት፤ ማንም ልብ አላላትም። የጥናቱ ባለቤት ፕሮፌሰሩ ባሕር ማዶ ትልቅ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ሲያቀርቡ አንዱ ተሰብሳቢ እጁን አውጥቶ “ይቺ ተሳታፊ ሰው ናት ወይስ የመኪና ጎማ?” ብሎ ጠየቃቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፕሮፌሰሩ ሲመለሱ ዳታ ማናጀሩን ጠርተው “ሁለተኛ እንዲህ ያለ ውርደት እንዳላይ” አሉት።

ዳታ ማናጀሩን እኛ መረጃ ሰብሳቢዎቹ “ቀይ እስክሪብቶ” እንለዋለን። በሕይወቱ አንድም ሕመምተኛ ነክቶ አያውቅም፤ የስምንት መቶውን ሰው ቁጥር ግን በቃሉ ይወጣዋል። ቀይ እስክሪብቶ ታዛዥ ሰው ነው። በሚቀጥለው ጥናት፣ ማለትም በኛ፣ ታብሌቱ ከ220 በላይ የሆነ ቁጥር እንዳይቀበል አድርጎ ቆለፈው። በዚህ ዓይነት ፕሮፌሰሩ ባሕር ማዶ እንዳይሳቅባቸው ሲባል በመንደራችን ከ220 በላይ መታመም ተከለከለ።

ግንበኛው የመጣው በመጀመሪያው ዙር፣ በሦስተኛው ቀን ነው። የጤና ጣቢያውን አጥር የገነባ እሱ ነው፤ የኔንም የወጥ ቤት ግድግዳ ሠርቶልኛል። ዕድሜው አርባ ሦስት፣ ክንዱ እንደ ግንድ፣ አፉ ቀልድ የማያልቅበት።

“ሲስተርዬ፣ ክንዴን ስትይዢ ባለቤቴ እንዳታይሽ” እያለ እጅጌውን ሰበሰበ።

236 በ134። ቁጥሩን አስገባሁ። ታብሌቱ በትሕትና መለሰልኝ፦ “ስህተት። ያስገቡት ቁጥር ከተፈቀደው ክልል ውጪ ነው። እባክዎ እንደገና ይለኩ።” አምስት ደቂቃ አሳርፌ ለካሁት፤ 232። “ስህተት።” የመጠባበቂያውን ማሽን አውጥቼ ለካሁት፤ 234። “ስህተት።” ከሦስተኛው በኋላ ታብሌቱ በራሱ ሥልጣን “መረጃ የለም” ብሎ ጻፈና አረንጓዴ አበራ፦ “ተጠናቋል። ቀጣይ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።”

“ምን አለ?” አለኝ ግንበኛው።

“ቁጥርህን አልቀበልም አለ።”

“በይ ከማሽናችሁ በላይ ነኝ ማለት ነው!” ብሎ ክንዱን አጥፎ ጡንቻውን አሳየ። በሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ።

ጨው ቀንስ፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ራስህን ካመመህ ቶሎ ና አልኩት። “ድንጋይ ካላነሳሁ ምን ላንሳ?” አለኝና ሄደ። ከኋላው ሠላሳ አንድ ሰው ቆሟል፤ በቀን አርባ ሰው ያልለካ መረጃ ሰብሳቢ ደግሞ በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ስሙ ይነሳል። ቀጣዩን ጠራሁ።

ከተለካ በአሥራ አንደኛው ቀን ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሠራ ወደቀ። መሰላሉ ነው የጣለው ተባለ። ሮጬ ስደርስ የፊቱ አንድ ጎን ወርዶ፣ ምላሱ ተሳስሮ ነበር። መሰላል ፊት አያጣምምም። ጠዋት ወድቆ ከቀትር በፊት ሞተ።

በማግሥቱ ለቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። “ቅጽ ሰባት” የሚባል የጥያቄ ማቅረቢያ አለ፤ ሁለት ገጽ ነው። ታብሌቱ ከ220 በላይ ስለማይቀበል አንድ ሰው ሪፈር ሳያገኝ ሞቷል ብዬ ሞላሁ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፦ “ጥያቄዎ ተመዝግቧል።” ከዚያም አንድ ሆቴል ውስጥ ለሁለት ቀን “ደም ግፊትን በትክክል የመለካት ክህሎት ማሻሻያ” የሚል ሥልጠና ተዘጋጀልን። ችግሩ የኛ እጅ መሆኑ ነው። የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፤ ወፍራም ወረቀት ነው፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ።

በሁለተኛው ዙር ታብሌቱ ግንበኛውን ፈለገው። ስላልመጣ “ቀጠሮ ያላከበረ” ብሎ መዘገበው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ዲሲፕሊን አጎደለ። “ሞቷል” የሚለውን ስነካ የሆስፒታል የሞት ማስረጃ ቁጥር ጠየቀኝ። ሆስፒታል ቢገባማ መቼ ይሞት ነበር።

ሦስተኛው ዙር ላይ አክስቴ መጡ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። እናቴ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በስፌት መኪናቸው እግር ሥር ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። በምድር ላይ ያሉኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው ብል አላጋነንኩም። በጥናቱ ተመዝግበው ሁለቱን ዙር “ሰው ለካሁ እንጂ ተለክቼ አላውቅም” ብለው ቀርተው ነበር። በሦስተኛው ግን ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ገብተው ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ።

“አንቺ ልጅ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መርፌ ውስጥ ክር ማግባት አቃተኝ” አሉኝ። “ቀዳዳው ሁለት ሁለት እየሆነ። ራሴን ደግሞ እዚህ ጋ ይወቅረኛል።”

241 በ138። ቁጥሩን አስገባሁ። “ስህተት።” አሳርፌ በመጠባበቂያው ማሽን ለካኋቸው። 239። “ስህተት።” ሦስተኛውን ሙከራ ባስገባ ታብሌቱ “መረጃ የለም” ብሎ እንደሚዘጋው አውቃለሁ። ስለዚህ ታብሌቱን አስቀምጬ ስልክ አነሳሁ።

“ሲስተር፣ 241 የሚባል የለም” አለኝ ቀይ እስክሪብቶ።

“ፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል።”

“ማሽኑ ተሳስቶ ነዋ።”

“በሁለት ማሽን ለካሁ።”

“እንግዲያው ሁለቱም ተሳስተዋል። ሥልጠናውን ወስደሻል አይደል?”

“ምስክር ወረቀት አለኝ። ሪፈሩን ብቻ አውጣልኝ፣ ቁጥሩን በኋላ እንጨቃጨቅበታለን።”

“ሪፈር የሚያወጣው ሲስተሙ ነው፤ እኔ ማን ነኝና? ቅጽ ሰባት ሙይልኝ፣ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ አየዋለሁ።”

“መኪናው ዛሬ ወደ ከተማ ይመለሳል አይደል? እሱ ይውሰዳቸው።”

“መኪናው ሕመምተኛ እንዳይጭን ተከልክሏል። መረጃ ብቻ ነው የሚጭነው” አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ከልቡ ሊያስረዳኝ እየሞከረ ነበር።

አክስቴ አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ያዳምጣሉ። “ምን አለሽ?” አሉኝ።

“ቁጥርዎ ከተፈቀደው ይበልጣል አለኝ፣ እትዬ።”

“አርባ ዓመት ሰው ለካሁ” አሉ። “ወገቡ ከሜትሬ የበለጠ ደንበኛ መጥቶ ያውቃል። ሌላ ሜትር እቀጥልበታለሁ እንጂ ሰውየውን የለህም አልለውም።”

ታብሌቱን አነሳሁ። 198 ብዬ አስገባሁ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያለውን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

እንዴት ደስ እንዳለው! ቀይ አበራ፣ ተንጫረረ፣ ማተሚያዋ ወረቀቱን ተፋች፦ “ይህ ተሳታፊ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ለትክክለኛ መረጃዎ እናመሰግናለን።” በአሥር ወር ውስጥ ታብሌቱ “ትክክለኛ” ብሎ ያመሰገነኝ ለውሸቴ ብቻ ነው። አክስቴን ለአውቶቡሱ ሹፌር አደራ ሰጥቼ አሳፈርኩ፤ እኔ ወረፋውን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም፣ ዘጠኝ ሰው ይቀረኝ ነበር።

ሆስፒታሉ ሲለካቸው 238 ሆኑ። ሐኪሙ ካርዳቸው ላይ ጻፈው፤ ካርድ ወረቀት ስለሆነ የጻፉበትን ሁሉ ይቀበላል። ዘጠኝ ቀን ተኝተው፣ መድኃኒት ጀምረው፣ ክር በመጀመሪያው ሙከራ መርፌ ውስጥ እያገቡ ተመለሱ። ያን ቀን ተንበርክኬ ጉልበታቸው ላይ አለቀስኩ። እሳቸው “ቀሚሴን አበሰበሽው” ብለው ገፉኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አንድ ጥራት ተቆጣጣሪ ከወር በኋላ የሆስፒታሉን ካርዶችና የታብሌቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያይ 198 እና 238 ተገናኙ። አርባ ልዩነት! ግንበኛው ሲሞት በሦስት ሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር የመለሰው መሥሪያ ቤት በአራት ቀን ውስጥ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋመ። ፕሮፌሰሩ በአካል መጡ።

“ልጄ” አሉኝ በጣም በሚያዝን ድምፅ፣ “ሳይንስ በውሸት ላይ አይገነባም።”

“እውነቱን ሁለት ጊዜ ነገርኩት፣ አልቀበል አለ።”

“እንደ ሥርዓቱ ቅጽ ሰባት መሙላት ነበረብሽ።”

“ሞልቻለሁ። ለግንበኛው።”

ፕሮፌሰሩ ወደ ቀይ እስክሪብቶ ዞሩ። እሱ ወረቀቶቹን አገላበጠ። “ግንበኛ የሚል ተሳታፊ… አዎ፣ አለ። መረጃ የለም። ቀጠሮ የማያከብር ነው” አለ።

“ሞቷል” አልኩ።

“ማስረጃ አልቀረበም” አለ። ኮሚቴው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ።

ስንት ቁጥር ፈጥረሻል ብለው ጠየቁኝ። አንድ አልኩ። አላመኑኝም፤ የሰበሰብኩትን በሙሉ መረመሩ፣ አንድ ሆኖ አገኙት። በታማኝነት ጉድለት ከሥራ ተሰናበትኩ። አክስቴም መረጃቸው ጥናቱን እንዳይበክል ከጥናቱ ተሰረዙ። ይህን ስነግራቸው መቀሳቸውን አስቀምጠው፦

“ከነነፍሴ?” አሉኝ።

“ከነነፍስዎ።”

“ግንበኛውስ?”

“እሱ ተሳታፊ ነው፤ አለበት።”

የአንደኛው ዓመት ውጤት በትልቅ ወረቀት ታትሞ ጤና ጣቢያው አጥር ላይ ተለጠፈ፤ ያው ግንበኛው የገነባው አጥር ላይ። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡልኝ፦ “በጥናቱ ከተካተቱ ሰዎች መካከል ደም ግፊቱ ከ220 በላይ የሆነ አልተገኘም። ይህም አበረታች ነው።” አብረውን የቆሙት ሰዎች ተበረታቱ።

እውነት ለመናገር በዚያ ሁሉ ውስጥ ራሴን እንደ ጀግና አይ ነበር። መንደሩም “ለአክስቷ ብላ ሥራዋን ያጣች” እያለ ያወድሰኛል። እኔም ቀና ብዬ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ትነዘንዘኛለች፤ ያቺ የዓይን ቅጽበት። ለአክስቴ ቅጽበት ብቻ ከፈጀ ለግንበኛው ለምን አላደረግሁትም? ያኔም ታብሌቱ በእጄ ነበር፤ 198 ያኔም ቁጥር ነበር። አላውቅም ነበር እንዳልል ደም ግፊት ምን እንደሚያደርግ የተማርኩት ሦስት ዓመት ሙሉ ነው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግንበኛው የማንም አክስት አልነበረም።

አሁን አክስቴ ዘንድ ቁልፍ እተክላለሁ። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ የተማሪዎች ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል የግንበኛው ሚስት ገባች። ስልክ በእጇ ይዛለች።

“ሲስተር፣ አንዴ ይህን አንብቢልኝ” አለች። “የሱ ስልክ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ነገር ይገባበታል። ፊደል አልቆጠርኩ፣ ልጆቹን አንብቡልኝ እንዳልላቸው አባታቸውን ላስታውሳቸው ፈራሁ። ምናልባት ለሥራ የሚፈልጉት ሰዎች ከሆኑ ልንገራቸው ብዬ ነው፤ አያውቁም ይሆናል።”

ስልኩን ተቀበልኩ። እንዲህ ይላል፦ “ውድ ተሳታፊያችን፣ ለአራተኛ ጊዜ ቀጠሮዎን አላከበሩም። ጤናዎ ለእኛ ውድ ነው። እባክዎ በአቅራቢያዎ የሚገኘውን መረጃ ሰብሳቢ ያነጋግሩ።”

አነበብኩላት። መረጃ ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። የሆነ ነገር ብዬ ልሸኛት እችል ነበር፤ ማስታወቂያ ነው፣ አጥፊው ልላት እችል ነበር። አክስቴ የስፌት መኪናውን አቁመው ያዩኛል።

“መጥቶ ነበር” አልኳት። “የዛሬ ዓመት፣ ጥናቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ለካሁት። 236 ነበር። ያኔውኑ ሆስፒታል መግባት ነበረበት። ታብሌቱ አልቀበልም ሲለኝ ወደ ቤቱ ላክሁት። ለእትዬ የዋሸሁትን ውሸት ለሱ አልዋሸሁለትም።”

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጫፍ መስተዋቱን ጠረገችው።

“ያን ቀን ቤት ሲገባ ነገረን” አለች። “‘ከማሽናቸው በላይ ነኝ’ እያለ ጡንቻውን ለልጆቹ ሲያሳይ፣ ትንሿ ክንዱ ላይ ስትንጠለጠል… ቤቱ ሙሉ ሳቅን። እንዴት እንደሳቅን።”

“እኔም ስቄ ነበር” አልኳት።